በአውቶሞቢል መስኮት ዙሪያ ስለሚያፏጭ ነፋስ



የንግድ ጋዜጣ ስለ ሸቀጥ ዋጋ፣ ስለ ጉምሩክ ቀረጥና ስለ ባንክ ወለድ ይጻፍበታል እንጂ ስለ ነፋስ ፉጨት ምን አገባው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን ከንግድ የራቀ አይደለም። በሩ ወይም መስኮቱ በሚገባ ያልገጠመ መኪና ነፋስ ብቻ ሳይሆን አቧራና ዝናብም ያስገባል፤ አቧራው በኋላ ወንበር ላይ የተጫነውን ጨርቅና ወረቀት ያበላሻል፤ ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ፉጨት ሲሰማ ውሎ ማታ ራሱ ይከብደዋል፤ በጠመዝማዛው መንገድ ላይ ከፊቱ የሚመጣውን የኢሱዙ ጥሩንባ አጥርቶ አይሰማም። መኪናውም ለሽያጭ በቀረበበት ቀን ገዢው ለሙከራ ነድቶ ፉጨቱን ሲሰማ «ይህ መኪና ተገልብጦ ያውቃል» ብሎ ይጠረጥርና ከዋጋው ብዙ ይቀንሳል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴው አለ፤ የችግሩን ምክንያት ሳይጠይቅ ጎማ የሸጠ እንደ ሆነ ፉጨቱ ሳይጠፋ ይቀርና ደንበኛው ዕቃውን ይዞ እያዘነ ይመለስበታል። ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣኝ በእኛው ቤት የደረሰው እንዲህ ያለ ነገር ነው።

የምንኖረው በወገል ጤና ነው። ከደሴ ተነሥቶ በኩታበር በኩል ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚወርደው መንገድ ወንዙን ተሻግሮ እንደ ገና ወደ ደላንታ ሜዳ ይወጣና ወደ ኮን፣ ከኮንም ወደ ጋሸና ይዘልቃል። ከጋሸና አንዱ ወደ ላሊበላ፣ አንዱ ወደ ወልድያ፣ ሌላው ወደ ደብረ ታቦር ይለያያል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲሄዱ መንገድ እያስቆረጡ ያለፉት በዚሁ በዋድላና በደላንታ ላይ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ግን የመስኮት ፉጨት የሚያሳስበው ሰው አልነበረም። ዛሬ በዚህ መንገድ ምስሩ፣ ገብሱና በጉ ይጓዝበታል፤ በ2000 ዓ.ም. በአካባቢያችን ኦፓል ከተገኘ ወዲህ ደግሞ የከበረውን ድንጋይ ለመግዛት ከአዲስ አበባ ድረስ የሚመጡ ነጋዴዎች መኪና ያልፍበታል። ሜዳው ከባሕር ዛፍ በቀር ነፋስን የሚያግድ ነገር እምብዛም የለበትም። ስለዚህ መኪናው በራሱ ፍጥነት ከሚፈጥረው ነፋስ ሌላ ከገደሉ አፋፍ የሚመጣው የጎን ነፋስ ይጨመርበታል፤ በከተማ ውስጥ ድምፅ የሌለው በር እዚህ ሲደርስ ያፏጫል።

የምጽፍላቸው ነጋዴ ባለ ድርብ ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ አላቸው። ባለፈው ዓመት ከክረምት በኋላ ፍጥነቱ ከ60 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ በሹፌሩ በር በኩል ቀጭን ፉጨት ይሰማ ጀመር። ሹፌሩ «ጋሼ፣ የበሩ ጎማ አርጅቷል፤ አራቱንም ብንቀይረው ይሻላል» አላቸው። እርሳቸውም እውነት መስሏቸው ጎማው ከአዲስ አበባ ተገዝቶ በአውቶቡስ እንዲላክ አዘዙ። ሒሳቡን ያስተላለፍኩት እኔ ነኝ፤ የሁለት ድልብ በግ ዋጋ ነበር። ጎማው ደረሰ፤ ተገጠመም። በሩ ከዚያ በኋላ ካልተገፋ የማይዘጋ ሆነ፤ ፉጨቱ ግን እንደ ነበረ ቀረ። እኔም በስልክና በደብዳቤ ከሻጩ ጋር ብዙ ተከራከርኩ፤ ሻጩ «አንድ ጊዜ የተገጠመ ጎማ አይመለስም» የሚል መልስ ሰጠን። በዚያን ጊዜ ተናድጄ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ሰውየው ጥፋት አልነበረበትም። ጎማ ስጠን አልነው፤ ጎማ ሰጠን።

ከአንድ ወር በኋላ ወደ ደሴ በሄድንበት ጊዜ በዕድሜ የገፉ አንድ መካኒክ መኪናውን አዩልን። ምንም መሣሪያ አላነሡም። ከኪሳቸው አንዲት የወረቀት ብር አውጥተው በበሩና በአካሉ መካከል አደረጓትና በሩን ዘጉ፤ ከዚያም ብሯን ጎተቷት። ከታች በኩል ተይዛ እምቢ አለች፤ በላይኛው የኋላ ማዕዘን ግን ምንም ሳትያዝ ወጣች። በሩን ከፍተው ጫፉን በእጃቸው ወደ ላይ ሲያነሡት ቀጭ ቀጭ አለ። «ልጄ፣ ጎማው ምን አደረገ? በሩ ወድቋል» አሉ ሹፌሩን። ነገሩ ሲጣራ ረዳቱ በፖርቶ መጋላው ላይ ዕቃ ሲያስር የተከፈተውን በር እንደ መሰላል ይረግጠው ኖሯል። የማጠፊያው ቡለኖች ተፈትተው በሩ ከፍ ተደርጎ እንደ ገና ታሰረ፤ አሮጌው ጎማም ተመልሶ ገባ፤ ሥራው ግማሽ ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው። ወደ ወገል ጤና ስንመለስ ፉጨቱ አልነበረም።

አሁን ወደ ነገሩ ምክንያት እንግባ። ነፋስ በመኪና ዙሪያ የሚያሰማውን ድምፅ ያልለመደ ሰው ሁሉንም ፉጨት ይለዋል እንጂ ድምፁ አንድ ዓይነት አይደለም። እውነተኛው ፉጨት ቀጭን ነው፤ ከአንድ ቦታ ይመጣል፤ ፍጥነት ሲጨምር ድንገት ይጀምራል፤ ሲቀንስም ድንገት ይቆማል። የሚወለደው አየር በጠባብ ክፍተት ሾልኮ የጎማውን ወይም የብረቱን ጠርዝ ሲመታ ነው። ዋሽንትም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፤ የእረኛው ቀጭን ትንፋሽ የሸምበቆውን አፍ ጠርዝ ይመታና ዜማ ይሆናል። ከዚህ የተለየው ደግሞ ሽውታ ነው። ይህ ከአንድ ነጥብ የሚመጣ ሳይሆን ከስፖኪዮው ኋላና የፊት መስታወቱን ደግፎ ከቆመው ምሰሶ ኋላ አየሩ እየተሽከረከረ መስታወቱን ሲደበድብ የሚሰማ ሰፊ ድምፅ ነው፤ ከመኪናው ቅርፅ የመጣ ስለሆነ በአዲስ ጎማ አይፈወስም። አንዱን የኋላ መስኮት ብቻ ከፍቶ ሲነዱ ጆሮን የሚመታው ከባድ ድብድብታ ደግሞ ሌላ ነው፤ ይህ በባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ ሲነፉ እንደሚሰማው ያለ ነው፤ ሌላ መስኮት በጥቂቱ ከተከፈተ ይጠፋል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ቢኖር መኪናው ቆሞ ሳለ ድፍን የሆነ በር ሲነዳ ሊከፈት መቻሉ ነው። አየር በምሰሶው ዙሪያ ተጣድፎ ሲያልፍ ከመስኮቱ ውጭ ያለው ግፊት ከውስጡ ግፊት ያንሳል። ስለዚህ በውስጥ ያለው አየር መስታወቱንና የበሩን የላይኛውን ክፈፍ ወደ ውጭ ይገፋል። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በአንድ የፊት መስኮት ላይ የሚያርፈው ይህ ግፊት ከአሥር ኪሎ ክብደት በላይ ሊደርስ ይችላል። ክፈፉ ቀጭን ብረት ነውና ጥቂት ይለጠጣል፤ ጎማው ያንን ያህል ተከትሎ ካልተነፋ ክፍተት ይፈጠራል። የድምፁም ኃይል ከፍጥነት ጋር አብሮ የሚያድግ ብቻ አይደለም፤ እጅግ ቀድሞት ይሄዳል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የነፋሱ ድምፅ በግምት 18 ዴሲቤል ይጨምራል። እንግዲህ በ40 ያልተሰማ ነገር በ80 ቢያስጨንቅ የሚያስገርም አይደለም።

በዚህ ላይ ለደገኞች አንድ የተለየ ነገር አለ። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር በሩብ ያህል ይቀላል፤ በእኩል ፍጥነት የሚያሰማውም ድምፅ ያንኑ ያህል ያነሰ ነው። ስለዚህ በደላንታ ዝም ብሎ የሰነበተ መኪና ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ መንገድ ሲወርድ ቢያፏጭ ሹፌሩ በመንገድ የሆነ ነገር ተበላሸ ብሎ አይደንግጥ፤ ክፍተቱ ከቤት የወጣ ነው። በአንጻሩ ደግሞ የደጋ ፀሐይ ከቆላው ይልቅ ጎማን አጥብቆ ይጎዳል፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚያቃጥለው የማይታየው የፀሐይ ጨረር ይበረታልና።

ጎማ ከመግዛት በፊት ክፍተቱ የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለዚህም የሚያስፈልገው ዕቃ ከማንም ሱቅ አይጠፋም። የወረቀት ብሩን ነገር ከላይ ተናግሬአለሁ፤ በየአንድ ስንዝሩ በበሩ ዙሪያ ሁሉ መሞከር አለበት፤ በሁሉም ቦታ እኩል መያዝ ይገባዋል። ሁለተኛው መንገድ ጠመኔ ነው። የጎማውን ገጽ በጠመኔ ቀብተው በሩን አንድ ጊዜ ዘግተው ሲከፍቱ ጎማው የነካው ቦታ ሁሉ በአካሉ ላይ ነጭ መስመር ይተዋል፤ መስመሩ የተቋረጠበት ቦታ ክፍተቱ ነው። ማታ በጨለማ አንድ ሰው በመኪናው ውስጥ ሆኖ የስልኩን መብራት በበሩ ዙሪያ ሲያዞር ሌላው ከውጭ ሆኖ ብርሃን የሚወጣበትን ማየትም ይችላል፤ ነገር ግን ጎማው ብዙ ከንፈር ካለው ብርሃን ሳይወጣ ነፋስ ሊወጣ ስለሚችል በዚህ ብቻ መተማመን አይገባም። ከዚህ የተሻለው የሳሙና አረፋ ነው፤ መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተው የመኪናው አየር ማራገቢያ ከውጭ አየር እንዲስብ ተደርጎ እስከ መጨረሻው ይከፈትና ከውጭ በበሩ መጋጠሚያ ላይ አረፋ ይቀባል፤ አየር በሚወጣበት ቦታ አረፋው ይፈላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ነው። የበሩን መጋጠሚያ፣ የመስታወቱን ዙሪያ፣ የስፖኪዮውን ሥር ሁሉንም በፕላስተር ሸፍኖ መንዳት ነው፤ እርግጥ በሹፌሩ በር ላይ ሲሆን ሹፌሩ በሌላ በር መግባት አለበት። ፉጨቱ ጠፋ ማለት ምክንያቱ ከፕላስተሩ ሥር ነው። ከዚያ በኋላ አንድ አንድ ቁራጭ እየላጡ በዚያው መንገድ በዚያው ፍጥነት መመላለስ ነው፤ ፉጨቱ የተመለሰው የትኛው ቁራጭ ሲነሣ ነው? ቦታው እዚያ ነው። በእኛ አገር ነፋሱ ከአንድ ወገን ስለሚበረታ ሄዶ መመለስ የግድ ነው፤ ወደ ኮን ሲሄዱ ያልተሰማው ሲመለሱ ሊሰማ ይችላል። ፕላስተሩ በፀሐይ ላይ ብዙ ቀን ከቆየ ቀለም ይዞ ስለሚነሣ በዚያው ቀን መላጥ አለበት። ሁሉም ተሸፍኖ ድምፁ ካልጠፋ ግን በበሩ ላይ ገንዘብ ማጥፋት ከንቱ ነው፤ ከፖርቶ መጋላው ወይም ከሌላ ቦታ መፈለግ ይገባል።

ቦታው ከታወቀ በኋላ ወደ ጥገናው ነው። የበሩ መውደቅ ካለ ማጠፊያው ይታያል፤ በሩን እስከ ግማሽ ከፍቶ ጫፉን ወደ ላይ ማንሣት ነው፤ ከተንቀሳቀሰ የማጠፊያው ዘንግ ተበልቷል ወይም ቡለኑ ላልቷል። ማጠፊያው ደኅና ሆኖ በሩ በዙሪያው ሁሉ በእኩል የላላ እንደ ሆነ በምሰሶው ላይ ተተክላ የበሩን ቁልፍ የምትይዘው ብረት ወደ ውስጥ መጠጋት አለባት። ይህችን ብረት ከመፍታት አስቀድሞ የነበረችበትን ቦታ በእርሳስ ዙሪያዋን ማስመር ያስፈልጋል፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ሚሊ ሜትር በላይ በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስም አይገባም። አንዳንድ ላሜራ ሠሪዎች መስታወቱን አውርደው የበሩን ክፈፍ በጉልበታቸው ደግፈው ወደ ውስጥ ያጥፉታል፤ ሙያው ላለው ሰው ይህ ትክክለኛ ሥራ ነው፤ ሙያው ለሌለው ግን በሩን ለዘወትር ማበላሸት ነው። እኔ ሲሠራ አይቼአለሁ፤ ልቤ ግን አልወደደውም።

ክፍተቱ በበሩ ሳይሆን በመስታወቱ ዙሪያ ከሆነ መስታወቱ የሚሮጥበት ቦይ መታየት አለበት። በቦዩ ውስጥ ከፈይ የመሰለ ልባስ ያለው ጎማ አለ፤ በጠጠር መንገድ የሚሠራ መኪና ይህ ልባስ በአቧራ ይሞላና ይበላል፤ መስታወቱም እስከ ላይ ሳይደርስ ይቆማል፤ ወይም አንድ ጫፉ ቀድሞ ሌላው ይዘገያል። ብዙ ጊዜ ቦዩን በብሩሽና በውኃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ጥቂት ሲሊኮን መርጨት ብቻ ይበቃል። ስፖኪዮ የተሰረቀበትና ሌላ ያስተከለ ሰው ደግሞ ከስፖኪዮው ሥር የምትገባው ቀጭን ስፖንጅ መኖር አለመኖሯን ይመልከት፤ ስትጣል የሚያይ የለም፤ ፉጨቱ ግን ከዚያን ቀን ይጀምራል።

እዚህ ላይ በብዙ ጋራዥና በመኪና ማጠቢያ ቦታ የሚደረገውን አንድ ልማድ ሳልነቅፍ አላልፍም። የበር ጎማ እንዲያብረቀርቅ ተብሎ ናፍጣ ወይም ያገለገለ ዘይት ይቀባል። የዛሬ መኪናዎች የበር ጎማ በአብዛኛው ኢፒዲኤም ከሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ የሚሠራ ነው፤ ይህ ጎማ ፀሐይን፣ ዝናብንና ብርድን ከተፈጥሮ ጎማ እጅግ አብልጦ ይችላል፤ የማይችለው ነገር የነዳጅ ዘር የሆነ ዘይት ነው። ዘይት ሲነካው ያብጣል፤ ይለሰልሳል፤ ቅርፁም ይጠፋል። ለሳምንት ያማረ ጎማ ከዓመት በኋላ ይጣላል። ለእርሱ የሚስማማው ለብ ያለ ውኃና ሳሙና፣ ከደረቀ በኋላም ሲሊኮን ነው። አንድ ጠርሙስ ሲሊኮን በሱቁ የሚያኖር ባለ ሱቅ ከጎማው ይልቅ በዚህ ደንበኛ ቢያፈራ አያስደንቅም።

ጎማው በእውነት ያረጀ ሲሆንስ? በአውራ ጣት ተጭኖ ሲለቀቅ የማይመለስ፣ በየማዕዘኑ የተሰነጠቀ፣ ወይም ተጨፍልቆ እንደ ጠፍር የቀረ ጎማ መለወጥ አለበት። ገበያውም አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ስለጣለ፣ በአገር ውስጥ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ለባለ ንብረቱ ሁሉ ግዴታ ሆኗል፤ በመርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ በየክፍለ ሀገሩ ከተማ የዚህ ዓይነት ዕቃ ፈላጊው ብዙ ነው። ችግሩ ጎማ ሁሉ ጥቁር መሆኑ ነው፤ በዓይን ሲያዩት አንድ ይመስላል። አንዱ ጎማ በበሩ ላይ የሚለጠፍ ነው፤ ሌላው በአካሉ ጠርዝ ላይ የሚሰካና በውስጡ ቀጭን ብረት ያለው ነው፤ የፊቱ ከኋላው፣ የቀኙም ከግራው የሚለይበት ሞዴል አለ። ስለዚህ አስመጪው በመኪናው ስም ብቻ ሳይሆን በሻንሲ ቁጥር ቢያዝ፣ ባለ ሱቁም ደንበኛው የአሮጌውን ጎማ አንድ ስንዝር ቁራጭ ካላመጣ ባይሸጥ መልካም ነው። «ድምፁ ከየት ይመጣል? በሩ ሲነሣ ይንቀሳቀሳል?» ብሎ መጠየቅም ሽያጭን የሚያስቀር አይደለም፤ ለእኛ ያን ጊዜ ይህን የጠየቀን ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬም የእርሱ ደንበኞች ነበርን።

በሜትር ተቆርጦ የሚሸጠው ጎማ ለካሚዮን ሳጥን በርና ለመጋዘን ደኅና ነው። ለአውቶሞቢል በር ግን ውፍረቱ ከአሮጌው ጋር እኩል ሆኖ ካልተገኘ ጉዳቱ ይበልጣል፤ የወፈረ ጎማ በሩን ወደ ውጭ ይገፋል፤ በሩ በኃይል ሲወረወር ይውላል፤ ቁልፉና ማጠፊያው ይጎዳሉ። ጎማውን በሚገጥሙበት ጊዜም እየሳቡ ማስገባት የተለመደ ስሕተት ነው፤ የተሳበ ጎማ ከጥቂት ወር በኋላ ወደ ቦታው ሲመለስ መጋጠሚያው ይከፈታል። መጋጠሚያው ከበሩ ታች ይሁን፤ ከላይ ከጆሮ አጠገብ አይሁን። ደግሞም ክብ ሆኖ ባዶ በሆነው ጎማ ላይ በየመካከሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ አንዳንድ ገጣሚ እንከን መስሎት በማስቲሽ ይደፍናቸዋል። እነዚህ በሩ ሲዘጋ በጎማው ውስጥ የታፈነው አየር የሚወጣባቸው ናቸውና መደፈን የለባቸውም።

የአቀማመጡንም ነገር ለባለ ሱቆች ልጨምር። በሱቁ ፊት በሚስማር ላይ ተሰቅሎ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው ጎማ ገዢን ይጠራል፤ ነገር ግን በተሰቀለበት ቦታ ይታጠፋል፤ የታጠፈበትም ቦታ ከዚያ በኋላ አይቃናም። ከመደርደሪያ በታች በጥላ ሰፊ ክብ ሆኖ ተጠቅልሎ፣ ከባድ ዕቃ ሳይጫንበት መቀመጥ አለበት።

ስለ ፖርቶ መጋላ ከላይ ጠቅሼ ነበር። ክብ የሆነ ብረት ነፋስን በጎን ሲቀበል ከኋላው አየሩ ተራ በተራ ከላይና ከታች እየተጠቀለለ ይላቀቃል፤ በሜዳ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ በነፋስ ጊዜ የሚያንጎራጉረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ብረቱ በወፈረ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል፤ ሦስት ሳንቲ ሜትር የሆነ ብረት በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚያሰማው ጎርናና እምምታ ነው። ሰዎች ይህን ከመስኮት የመጣ መስሏቸው በር ያስፈታሉ። መድኃኒቱ አንድ ገመድ ነው፤ በብረቱ ላይ እንደ እባብ አራርቆ ጠምጥሞ በሁለት ጫፍ ማሰር ብቻ ነው። ገመዱ አየሩ በአንድ ጊዜ እንዳይላቀቅ ይከፋፍለዋልና ድምፁ ይጠፋል ወይም እጅግ ይቀንሳል። ባዶ ሲሆን የሚጮኽ፣ ዕቃ ሲጫንበት የሚያርፍ ድምፅ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው።

በጠጠርና በአቧራ መንገድ ለሚመላለሱ ደግሞ ጎማው ፍጹም ባይሆንም የሚረዳ ዘዴ አለ። ብዙ ሰው አቧራ እንዳይገባ ብሎ የአየር ማራገቢያውን ያጠፋና መስኮቱን ሁሉ ይዘጋል፤ ወይም «አየር እንዲገባ» የኋላውን መስኮት በጥቂቱ ይከፍታል። ሁለቱም ይጎዳል። የሚሮጥ መኪና ከኋላው የግፊት ጉድለት ስለሚፈጥር አቧራውን ወደ ራሱ ይስባል፤ በውስጥ ያለው አየር ግፊቱ ካነሰ አቧራው በየክፍተቱ ይገባል። መስኮቶቹን ሁሉ ዘግቶ ማራገቢያውን ከውጭ አየር እንዲስብ አድርጎ ቢከፍቱት ግን የውስጡ ግፊት ከፍ ይላል፤ አየሩ በክፍተቱ ይወጣል እንጂ አቧራው አይገባም። ከፊት የሚሄድ መኪና አቧራ ሲያነሣ ብቻ ለጥቂት ጊዜ መግቢያውን መዝጋት ይበቃል። የማራገቢያው ማጣሪያ በየጊዜው መራገፍ እንዳለበት ግን አይዘነጋ።

በመጨረሻ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ጥቂት ልበል፤ ነገሩ አስመጪዎችን በቀጥታ የሚመለከት ነውና። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት በአዲስ አበባ መንገድ ላይ በዝተዋል። ከእነዚህ አንዱን የገዛ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት «መስኮቱ ያፏጫል» ብሎ ቢመጣ ሻጩ አይከራከረው፤ ወዲያውኑም በሩን አያስፈታ። በቤንዚንና በናፍጣ መኪና የሞተሩ ድምፅ የነፋሱን ድምፅ ይሸፍነዋል፤ በዚህ ግን ሞተሩ ዝም ስለሚል ቀድሞም የነበረው ሽውታ ይጋለጣል። እንግዲህ በፕላስተር መሞከር ነው፤ ተሸፍኖም ከተሰማ የተፈጥሮ ሽውታው ነው፤ ተሸፍኖ ከጠፋ ክፍተት አለ ማለት ነው። አንዳንድ ፋብሪካዎች ይህን አውቀው የፊት በሮቹን መስታወት በመካከሉ ድምፅ የሚያፍን ቀጭን ልባስ ያለው ድርብ አድርገው ይሠሩታል። እንዲህ ያለው መስታወት ተሰብሮ በተራ ነጠላ መስታወት ከተተካ መጠኑ ቢገጥምም ድምፁ ይጨምራል፤ ውፍረቱም ከተለየ በቦዩ ውስጥ ይላላል። መስታወት የሚያስመጣ ነጋዴ ከማዘዙ በፊት በአሮጌው መስታወት ማዕዘን ላይ የታተመውን ጽሑፍ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለላኪው ቢልክ፣ ዕቃውም ሲደርስ ጠርዙን አይቶ ድርብ መሆኑን ሳያረጋግጥ ባይረከብ ከብዙ ክርክር ይድናል።